ዳገቱን የወጣው ጽዋ

ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ወጡ። ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ እህል አይቀምስም፤ ወግ ነውና ማንም አልተገረመም። ሉሊትን ያስደነገጣት የአባቷ ፊት ነበር። አቶ ግዛቸው እንግዶቹን እስከ ውጭው በር ሸኟቸው፤ የንስሐ አባታቸውን የመምሬ ተክለብርሃንን መስቀል ጎንበስ ብለው ተሳለሙ፤ ከዚያም ተመልሰው የሳሎኑን በር ዘጉና በእርጋታ ተቀመጡ። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ትከራከረው ነበር። እርጋታውን ግን በምን ትያዘው?

«ልጁ ጨዋ ነው» አሉ አባቷ። «መምህር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል፤ አንደበቱ የታረመ ነው። አንድም እንከን አላወጣለትም።»

«ታዲያ ለምን እንቢ አሉ፣ አባባ?»

«እናቱ ሸክላ ሠሪ ናት።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው የቀረውን ቃል ከአፌ አታስወጪኝ። እኔም ማለት አልፈልግም፤ አንቺም መስማት አትፈልጊም።»

እናቷ ወይዘሮ የትምወርቅ ዓይናቸውን ከምንጣፉ አላነሡም።

«እማማ ዳመነች እኮ የማኅበራችን አባል ናቸው» አለች ሉሊት። «ከእኛ ጋር ይጸልያሉ። ከእኛ ጋር ይቆርባሉ።»

«ቤተ መቅደሱ የእግዚአብሔር ነው፤ እሱ የፈቀደውን ያስገባል። ይሄኛው ቤት የኔ ነው።»

በዲላ ከተማ የግዛቸውን የሕንፃ መሣሪያ መደብር የማያውቅ የለም። አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ ከሠፈሩ ጀምሮ ስማቸው ከቤተ ክርስቲያን ሥራ ተለይቶ አያውቅም፤ ለአጥሩ ቆርቆሮ፣ ለደወሉ ማማ ሲሚንቶ የሚሰጡ እሳቸው ነበሩ። ሉሊት አባቷን ታከብራቸው ነበር። በዚያች ቅጽበት የከበዳትም ይኸው ነበር፤ የምታከብረውን ሰው ተሳስቶ ማየት፣ ከነክብሩ።

ሽመክትን ያወቀችው በሰንበት ትምህርት ቤቱ ነበር። እሱ በይርጋጨፌ ፊዚክስ ያስተምራል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ዲላ ይመጣና በቅዳሜው የመጽሐፍ ጥናት ላይ ይገኛል። ጥናቱ ሥርዓት አለው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ምዕራፉን ያነባል፣ ሌላው ያብራራል። ሉሊት የፋርማሲ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ ጸሎቷ ከከንፈሯ እንጂ ከልቧ አይነሣም ነበር፤ ለምን እንደ ደከመች ለራሷም አልገለጠችም። ሽመክት ሲያነብ ግን ጣቱን በገጾቹ መሐል ትቶ መጽሐፉን ይከድንና ያስባል። ከዚያም ቀና ብሎ ያያታል፤ ለማብራሪያው ከሚያስፈልገው ጥቂት ረዘም አድርጎ። ከእነዚያ ቅዳሜዎች በኋላ አባታችን ሆይ ስትል ቃሉ አፏን ሞልቶ ይወጣ ጀመር። ፍቅሩ መቼ እንደ ገባ አታውቅም። ጸሎቷን ይዞ ገባ።

አሁን ወንበሩ ባዶ ነው። ሽማግሌዎቹ ከተመለሱ ወዲህ አልመጣም። ትደውላለች፤ ጥሪው ይገባል፤ የሚያነሣው የለም። «ፈርቶ ይሆናል» አለቻት ፋርማሲው ውስጥ አብራት የምትሠራው ትጊ፣ ልታጽናናት ብላ። ሉሊት ያቺን ቃል ቀኑን ሙሉ ይዛት ዋለች። ሰው ቢጠላት ይሻላት ነበር። የተፈራች መሆን፣ ያውም በእሱ፣ ውርደት ሆኖ ታያት።

*

«ይርጋጨፌ የምትሄጂው መድኃኒት ልትሰጪ ነው ልትወስጂ?» አለች ትጊ እስከ ሚኒባሱ ስትሸኛት።

«ልመረምር» አለች ሉሊት፤ ሳትስቅ።

በመንገዱ ዳርና ዳር ቀይ ቡና ጆንያ ሞልቶ መኪና ይጠብቃል። ከቡና ማጠቢያ ጣቢያዎቹ የሚመጣው የቡናው ገለፈት ኮምጣጣ ሽታ በመስኮቱ ይገባል፤ ቡናው የሚሰጣባቸው ረጃጅም የሽቦ አልጋዎች እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ተዘርግተዋል። ሉሊት የምትናገረውን እየደረደረች፣ የደረደረችውንም እየሰረዘች ደረሰች።

ተማሪዎቹ ቀድመው አዩአት። «ቲቸር፣ እንግዳ!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሌላው አፏጨ። ሽመክት እጁ በጠመኔ እንደ ነጣ ወደ አጥሩ መጣ። ከስቷል። ልትቆጣ መጥታ ክሳቱን መቁጠር ጀመረች።

«ፊዚክስ ስልክ ማንሣት ይከለክላል?»

«እናቴ ለመነችኝ፣ ሉሊት።»

«ምን ብለው?»

«‹ልጅቱን ከአባቷ አታጣላት፤ ትንሽ ራቅ በል፤ ቢበርድ ይበርዳል› ብላ። እግሬን ይዛ ለመነችኝ። እናት እግር ስትይዝ ምን ይባላል?»

ፈርቶ አልነበረም። የልቧ ግማሽ እልል አለ፤ ሌላው ግማሽ ስለ እኚያ ሴት ተንበረከከ።

«እኔ ደግሞ የተውከኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

«አንቺን መተው ብችል ኖሮ እንዲህ አልመነምንም።» ጠመኔውን ከጣቶቹ ማራገፍ ጀመረ። «ወደ አዲስ አበባ ዝውውር ጠይቄአለሁ። ከተሳካ እዚያ እንጋባለን። እዚያ የእናቴን ሥራ ማንም አይጠይቅም።»

«እናትህስ?»

ጠመኔውን ማራገፉን ቀጠለ።

«እሳቸውን እዚያ ዳገት ላይ ካለው ቤታቸው ትተን እኛ ስማቸውን ደብቀን ልንኖር? ምን ሰርቀን ነው የምንሸሸው፣ ሽመክት? እኔ ሥዕለ ኪዳነ ምሕረት ፊት ቆሜ ተክሊል ልደፋ የምፈልገው በዚሁ በተጠመቅሁበት ደብር ነው፤ እናትህም ከፊት ወንበር ተቀምጠው።»

«የምታወሪው ስለማታውቂው ነገር ነው» አለ፤ ድምፁ ሻከረ። «ትንሽ ልጅ ሆኜ እናቴ አንድ ጊዜ የማኅበሩን ጽዋ ተቀብላ ነበር። ደገሰች። ቤቱን በጭቃ ለሰነች፤ ሣር ጎዘጎዘች። በር በሩን እያየች ዋለች። አንድም ሰው አልመጣም፣ ሉሊት። አንድም። ዳቦውን ሳንቆርሰው መሸ። በማግስቱ ‹መንገዱ ዳገት ሆኖብን ነው› አሉ። ከዚያ ወዲህ ተራዋ ሲደርስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሁን ይባላል፤ እሷም እሺ ትላለች።»

ሉሊት ይህን አታውቅም ነበር። ማኅበሩ በየወሩ ኪዳነ ምሕረት በምትውልበት ዕለት ከቤት ቤት እየዞረ ይሰበሰባል፤ ጸሎት ያደርሳል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ዳቦ ቆርሶ ከጽዋው ይጠጣል። ሉሊት ካደገች ጀምሮ የእማማ ዳመነች ተራ በአዳራሹ ሲውል አይታለች፤ ሰበቡን ለመጠየቅ ግን አስባ አታውቅም። ዳገት የተባለው ነገር አሁን ገባት።

«የጥቅምቱ የእኛ ቤት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከአባባ እጅ ጽዋውን የሚቀበሉት ደግሞ እናትህ ናቸው።»

«አይሆንም። እሱን እንዳትነኪው። ዳግመኛ እንዲያ ተቀምጣ በር ስታይ ማየት አልችልም።»

«እኔ እመጣለሁ።»

«አንቺ ብቻሽን ማኅበር ልትሆኚ?»

«ሁለትና ሦስት መሆን እንደሚበቃ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ወይስ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጥናት ብቻ ነው የምታምነው?»

ያን ጊዜ ሳቀ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ። ሳቁ ሲያበቃ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «አንቺን ማፍቀር ራሱ ዳገት ነው» አላት።

«ዳገት የለመደ ቤት ልጅ አይደለህ?»

አጥሩ በመሐላቸው ነበር፤ ተማሪዎቹም ይመለከቱ ነበር። እጁን አልያዘችም። ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ግን ያልያዘችው እጅ ሙቀት እስከ ዲላ ድረስ ከመዳፏ አልጠፋም።

*

ማክሰኞ ከሥራ ወጥታ ዳገቱን ወጣች። እማማ ዳመነች ከእንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ገና ያልተተኮሰ ድስት በለሰለሰ ድንጋይ ያሻሉ። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት እምብዛም አይለይም።

«ና ግባ፣ ልጄ» አሉ። «አባትህ ደህና ነው?»

ሉሊት በልቧ ያዘጋጀችውን መግቢያ ረሳችው። በቀጥታ ነገረቻቸው፤ በጥቅምት ጽዋውን ተቀብለው የኅዳሩን ማኅበር በቤታቸው እንዲያደርጉት።

ድንጋዩ ቆመ። «ሽመክት ነግሮሃል ማለት ነው።»

«ነግሮኛል።»

«ነግሮህ ነው ይሄን የምትለኝ?» ወደ ድስቱ ተመለሱ። «አሁን ደግሞ ኤርምያስን ከፍተህ ልታጽናናኝ ነው። ቄሶቹ ቀድመውሃል። እግዚአብሔር ራሱ ሸክላ ሠሪ ነው ይሉኛል። ጥሩ አድርገው ይሰብካሉ፤ ከዚያ ቤቴ ውኃ አይጠጡም።»

ይዛው የመጣችው ድፍረት እዚህ ግቢ ውስጥ እንደ ልጅ ጨዋታ ሆኖ ታያት። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷን ሸክላው ነካው፤ አላራገፈችውም።

«ዳዊትህን ይዘሃል?» አሉ እማማ ዳመነች።

«ይዣለሁ።»

«ማክሰኞ ነው። የማክሰኞውን አንብብልኝ።»

በማኅበሩ ውስጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ፊደል የቆጠረ ካልቆጠረው አጠገብ ይቀመጣል፤ አንዱ አንድ ቃል ያነባል፣ ሌላው ተቀብሎ ይደግማል። ሉሊትና እማማ ዳመነች ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነበሩ። አሁንም ሉሊት አነበበች፤ እማማ ዳመነች ጭቃ የነካውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተከተሏት። መዝሙር በመዝሙር ሄዱ። ፀሐይዋ ከእንሰቱ ቅጠል በታች ወረደች።

ዳዊት ጠላት ቢሰድበኝ በታገሥሁ የሚልበት ቦታ ደረሱ፤ የጎዳው ጠላት እንዳልሆነ፣ የልቡ ወዳጅ፣ በእግዚአብሔር ቤት አብሮት ይመላለስ የነበረ ሰው እንደሆነ የሚናገርበት። ሉሊት አንብባ ጠበቀች።

«ድገምልኝ» አሉ እማማ ዳመነች።

ደገመችላቸው።

«ይሄ ዳዊት ንጉሥ ነበረ አይደል?»

«ንጉሥ ነበሩ።»

«ንጉሥ ሆኖ፣ እሱም ማኅበርተኛ ነበረው ማለት ነው።» ከደረታቸው ሳቅ ወጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባ። «እኔ ነውሩ የኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ደብቄው ነበር እኮ፣ ልጄ። ከልጄም ከእግዚአብሔርም ደብቄው። ለካ በዳዊት አፍ ቤተ ክርስቲያን መሐል ሲነበብ ኖሯል!»

በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ፤ ጉንጫቸው ላይ የሸክላ መስመር ቀረ። አብረው ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ዞሩና አባታችን ሆይን ጸለዩ። እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ላይ ሲደርሱ እማማ ዳመነች ድምፃቸውን አልቀነሱም፤ ይልቁን ከፍ አደረጉት፤ ይቅርታውም ከእሳቸው የሚወጣ የራሳቸው ሀብት እንጂ የተቀሙት ነገር እንዳልሆነ ያህል።

«ጽዋውን እቀበላለሁ» አሉ። «በቤቴ። ቢቀሩ መቅረቱ የነሱ ነው። መደገሱ የኔ ነው።»

ሉሊት ዳገቱን ስትወርድ ልታበረታ ወጥታ በርትታ የምትመለሰው እሷ እንደሆነች ታወቃት።

*

ቅዳሜ፣ የጥቅምት ኪዳነ ምሕረት፣ የአቶ ግዛቸው ሳሎን ሞላ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳዊቱ ተደገመ፣ መምሬ ተክለብርሃን ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ሉሊት ከእናቷ ጋር ስታስተናግድ ቆይታ እንደ ልማዷ ከእማማ ዳመነች አጠገብ ተቀመጠች። ሽመክት እናቱን ሊወስድ መጥቶ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። አባቷ አዩት፤ እንዳላዩ ሆኑ።

የማኅበሩ መሪ፣ በማኅበሩ አጠራር ሙሴው፣ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ተነሡ። «እንግዲህ ጋሽ ግዛቸው ጽዋውን ያሸጋግሩልን። ተራው የወይዘሮ ዳመነች ነው፤ እንደ ተለመደው በአዳራሹ...»

«በቤቴ ነው» አሉ እማማ ዳመነች።

አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። «መንገዱ እኮ ዳገት ነው፣ እማማ።»

«ዳገቱን እኔ በየገበያው ድስት ተሸክሜ እወርዳለሁ እወጣለሁ። እናንተ ባዶ እጃችሁን ናችሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና አፉን ያዘ። አቶ ግዛቸው ጥልፍ ልብስ የለበሰውን ጽዋ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። አስተናጋጁ ለቀጣዩ በእጁ ማቀበል አለበት፤ ሥርዓቱ ነው። ወደ እማማ ዳመነች አዩ፤ ወደ በረንዳው አዩ፤ ከዚያ ጽዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የጽዋው ድምፅ ትንሽ ነበር። ሁሉም ግን ሰማው።

ሉሊት ተነሣች። እግሮቿ እንዴት እንደ ወሰዷት አላወቀችም፤ ጽዋው ግን በእጇ ነበር።

«አስቀምጪው» አሉ አባቷ።

«አባባ፣ ይህን ሸክላ የሠሩት እማማ ዳመነች ናቸው። ሁላችንም እናውቃለን። ከእጃቸው ሥራ ስንጠጣ ኖረን ከእጃቸው መጠጣት እንዴት ያስነውረናል?»

«ሉሊት!»

«ልጄ» አሉ መምሬ ተክለብርሃን ለማብረድ፣ «ነገሩን ለዛሬ ብናቆየው...»

«አባ፣ ብዙ ዓመት ቆይቷል።»

መምሬ ተክለብርሃን አንገታቸውን ደፉ። ሉሊት ከእማማ ዳመነች ፊት ተንበርክካ ጽዋውን ዘረጋች፤ እሳቸውም ተቀብለው ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት። ቀና ስትል ዓይኗ ከሽመክት ዓይን ጋር ገጠመ። እንዲያ የሚያያት ሰው አይታ አታውቅም፤ በፍቅር ብቻ ሳይሆን በአክብሮት፣ ሰው ከእሱ የሚበረታን ሰው እንደሚያይ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አባቷ ሳይጮኹ ተናገሩ። «የዚያችን ሴት ደጅ ከረገጥሽ የኔን ደጅ እንዳትረግጪ።»

«ደጅዎን ቢዘጉብኝ አለቅሳለሁ፣ አባባ» አለች። «እሄዳለሁ ግን።»

ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ስትዘጋ እንባዋ ቃሏን አልጠበቀም። እያለቀሰችም ቢሆን ከተናገረችው አንዲት ቃል ልትመልስ አልፈለገችም።

*

ኅዳር ኪዳነ ምሕረት ሰኞ ዋለች። ጾመ ነቢያት ስለ ገባ ድግሱ የጾም ነበር፤ ቆጮ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ የባቄላ ንፍሮ። ግድግዳው ትኩስ ጭቃ ተለስኗል። ሣሩ ተጎዝጉዟል። ሉሊት ከሁሉ ቀድማ ደረሰች፤ ሽመክትም ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ መጥቷል።

የቀጠሮው ሰዓት አለፈ። እማማ ዳመነች መሶቡን አንድ ጊዜ ከፈቱ፤ ዘጉ። ሽመክት ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ። ማየት አልፈለገም። ሉሊት አጠገቡ ሄዳ፣ ከእናቱ በቀር ማንም ባይኖርም እንኳ ማንም እንዳያይ ያህል፣ ክንዱን ነካችው።

«እኔ ነኝ ያደረግሁባቸው» አለች በሹክሹክታ። አሁን ነበር የፈራችው።

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አሉ እማማ ዳመነች። «ጸሎት ሰው አይጠብቅም። ሦስት ነን። ጀምሩ።»

ጀመሩ። በስመ አብ ብለው ገና ጥቂት እንደ ሄዱ ከውጭ የሚያለከልክ ትንፋሽ ተሰማ፤ መምሬ ተክለብርሃን ጃንጥላቸውን ምርኩዝ አድርገው ገቡ። ጫማቸውን አወለቁና ከእማማ ዳመነች ፊት ቆሙ።

«ዳገት አለው፣ በእውነት» አሉ።

«አለው፣ አባ።»

«ቀድሜ ልወጣው ይገባኝ ነበር። ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታ። ይቀመጡ፤ ላብዎን ይጥረጉ» አሉ እማማ ዳመነች፤ ካህን ይቅርታ ሲጠይቃቸው የተጨነቁ አይመስሉም ነበር። ሙሴው መጡ። ያቺ ጉሮሮዋን የጠረገችው ሴት ከአንድ ጎረቤቷ ጋር መጣች፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም፤ መጥታለች ግን። የቀሩት ቀሩ። በመጨረሻ ነጠላቸውን አጣፍተው ወይዘሮ የትምወርቅ ደጃፉ ላይ ሲታዩ ሉሊት መጽሐፉ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

«እማዬ! አባባስ ፈቀዱልሽ?»

«አልከለከለኝም» አሉ እናቷ። «አልጠየቅሁትማ።» የቀረበላቸውን ጽዋ በሁለት እጅ ተቀብለው ጠጡ።

ዳቦው ተቆረሰ፤ የሰኞው ዳዊት መነበብ ጀመረ። ሉሊት ታነባለች፤ ቤቱ ይከተላል። የመኪና ድምፅ የሰሙት በዚህ መሐል ነው። የአቶ ግዛቸው ፒካፕ ዳገቱን አቃስቶ ወጥቶ አጥሩ ሥር ቆመ። ወረዱ፤ ከአጥሩ አላለፉም።

«ሉሊት! እናትሽን ይዘሽ ውጪ።»

ሽመክት ሊነሣ ሲል በዓይኗ መለሰችው። ዳዊቱን እንደ ያዘች ወደ በሩ ሄደች።

«ጸሎት ላይ ነን፣ አባባ።»

«ሰው አዋርደሽኛል። ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለኔ ቤት ነው።»

«ስለ እርስዎ ቤት ሳይሆን ስለዚህ ቤት ያውራ፤ ስንት ዓመት ዝም ብሎታል።» ድምፅዋ እንዳይሰበር ቃላቱን አንድ በአንድ አስቀመጠቻቸው። «ጾሙ ሲፈታ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ይመጣሉ። ሽመክትን በዚህችው ከተማ፣ በደብራችን፣ በተክሊል አገባዋለሁ። ምርቃትዎን እፈልጋለሁ። ከእግርዎ ሥር ተደፍቼ እለምንዎታለሁ። ፈቃድዎን እየጠበቅሁ ግን አላረጅም።»

አቶ ግዛቸው አጥሩን ጨበጡ። ልጃቸው በትሕትና እጅ ነሥታ ቆማለች፤ አንዲትም ስድብ አልወጣትም፤ ሊቀጧት የሚይዙት ነገር አጡ።

«በሩ ክፍት ነው» አለች። «ንባቡን ግን አናቋርጥም።»

ተመልሳ በቦታዋ ተቀመጠች። ሽመክት መጽሐፉን አብሯት ለመያዝ ጠጋ አለ፤ አውራ ጣቱ ከአውራ ጣቷ አጠገብ አረፈ። የፒካፑ ሞተር አልተነሣም። ሉሊት ያቆመችበትን ፈለገችና ማንበብ ጀመረች፤ ሁለት ሦስት ቃል አልፋም ቆመች። አባቴና እናቴ ቢተዉኝ እግዚአብሔር ይቀበለኛል የሚለው ቦታ ላይ ነበረች። ገጹ በእንባ ተድበሰበሰባት። እናቷ ከወዲያ ማዶ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ለምን ቆምክ?» አሉ እማማ ዳመነች።

«እማማ... አባባ ውጭ ቆመዋል። ይሰሙኛል።»

«ይስማ እንጂ። እሱም ማኅበርተኛ ነው።» እማማ ዳመነች እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ፤ እጁ ከባድ ነበር፣ ሞቃትም። «አንብብ፣ ልጄ። ጮክ በል።»

ሉሊት እንባዋን አልጠረገችም። ቀና አለች፤ ከፍ ባለ ድምፅ አነበበችው። ቤቱ ተቀብሎ ደገመው፤ የካህኑ ድምፅ፣ የእናቷ ድምፅ፣ የሽመክት ድምፅ ከጆሮዋ ሥር። በሕይወቷ ሙሉ የፈራችው ሰው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ሳለ፣ ሉሊት ቀጣዩን ቃል ያለ አንዳች ፍርሃት ጀመረች።